ከኤምባሲ የሚገኝ አነስተኛ ዕርዳታ፦ ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ ሊመክርባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በላይ አርማጭሆ ወረዳ፣ በትክል ድንጋይና በዙሪያዋ ካሉ አጥቢያዎች የሚደርሱን ደብዳቤዎች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፤ «ኤምባሲዎች ለአካባቢ ልማት ገንዘብ ይሰጣሉ ሲባል እንሰማለን፤ የእኛስ አጥቢያ እንዴት ሊያገኝ ይችላል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ማመልከቻ በመጻፍ ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት አስቀድመው ሊመክሩባቸው የሚገቡትን ነጥቦች እናቀርባለን።

ዕርዳታው ምንድን ነው?

የውጭ መንግሥታት በኤምባሲዎቻቸው በኩል በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች የሚሰጡት ዕርዳታ፣ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ከሚፈራረመው ትልቅ ብድርና ዕርዳታ የተለየ ነው። ካናዳና አውስትራልያ በልዩ ልዩ አገሮች እንዲህ ያለ መርሐ ግብር አላቸው። የጃፓን መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀምሮ፣ በ2003 «የሰው ልጅ ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ አክሎበት እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ለአንድ ፕሮጀክት የሚፈቀደው መጠን ለብዙ ዓመታት በመርሕ ደረጃ እስከ 10 ሚሊዮን የን ነበር። ገንዘቡ የሚውለው ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ተቋም፣ ለንጹሕ ውኃና ለመሳሰሉት ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የዘወትር ወጪ አይሸፍንም፤ ለግለሰብ ወይም ለትርፍ ሥራም አይሰጥም።

ጸበሉና ቧንቧው

ገንዘቡ ለሃይማኖታዊ አገልግሎት አይውልም። ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ለማሳደስ ወይም አጥር ለማጠር የሚጠይቅ ማመልከቻ ገና ከመነሻው ይወድቃል። ከዚህ የሚከብደው ግን የምንጭ ጉዳይ ነው። በደጋው አገር ብዙ ምንጮች በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ወይም በአጸዱ ሥር ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም ምእመናን የሚጠመቁባቸው ጸበሎች ናቸው። በዕርዳታ የሚጎለብት ምንጭ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚቀዱበት መሆን አለበት። ስለዚህ ካህናቱ ጸበሉ የቱ እንደሆነ፣ ለሕዝብ መጠጥ የሚለቀቀው ውኃም የቱ እንደሆነ አስቀድመው ለይተው በቃለ ጉባኤ ሊያጸድቁ ይገባል። ይህ ሳይለይ ቧንቧ ከተዘረጋ በኋላ የሚነሣ ክርክር ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል።

ማን ይፈርማል?

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ እነርሱ የሚያቋቁሟቸውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ አጥቢያው ብቻውን ከሚያመለክት ይልቅ በልማት ተቋሙ ቅርንጫፍ በኩል ቢያቀርብ፣ የወረዳውን የውኃ ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤም ቢያያይዝ ይሻላል። የመንግሥት መምህር ወይም የጤና ባለሙያ የማይመደብለት ሕንፃ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራልና።

ዋጋና ጊዜ

ለእያንዳንዱ ዕቃና ሥራ የሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይጠየቃል። ሆኖም ፕሮፎርማው ከተሰበሰበበት ቀን እስከ ክፍያው ድረስ ወራት ያልፋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ አስቀድሞ በብር የተዘጋጀ በጀት ሁሉ ምን ያህል እንደተናጋ ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ ራሴ የተከታተልሁት አንድ የምንጭ ሥራ የቧንቧ ዋጋ በመናሩ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ ቆሟል። ዋጋ ቢጨምር የትኛው ሥራ እንደሚቀነስ በዕቅዱ አልጻፍሁም ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ልጆቹ ግን አሁንም ጀሪካን ተሸክመው ይወርዳሉ።

ጊዜም እንዲሁ ነው። የጃፓን የበጀት ዓመት መጋቢት 22 ቀን ይዘጋል፤ ሥራውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት መጠናቀቅ አለበት። በመጋቢት የተፈረመ ውል ብዙም ሳይቆይ ክረምት ይደርስበታል። ከዚያም የማይሠራባቸውን የወር በዓላት ቀንሱ፤ የቀረውን የሥራ ቀን በትክክል ቁጠሩ። ሕዝቡ በድንጋይ፣ በአሸዋና በጉልበት የሚያበረክተውም በቀንና በመጠን ተለይቶ ይጻፍ።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ

ገንዘቡ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። በውሉ ላይ የሰፈረውን ሥራ ያለ ኤምባሲው የጽሑፍ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም፤ «ለበጎ ነው» ብሎ ለሌላ በጎ ሥራ ማዋልም እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። ደረሰኝ ሁሉ ይጠበቅ፤ የተረፈ ገንዘብ ካለም በሪፖርቱ ይገለጥ። ከምረቃው በፊት የውኃ ኮሚቴ ይመረጥ፤ ጠባቂውን ማን እንደሚከፍል፣ ቧንቧ ሲሰበር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይወሰን። ርቀው ውኃ የሚቀዱት እናቶችና እኅቶች ናቸውና በኮሚቴው ውስጥ ድምፃቸው ይሰማ።

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ አስቦ ወጪውን ሳያሰላ ስለ ጀመረ ሰው ያስተማረውን ዘወትር ለምእመናን እንሰብካለን። ለራሳችን ኮሚቴም እንስበከው። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ፣ ጸበሉን ከመጠጡ ውኃ ለዩ፣ የሥራ ቀኑን ቁጠሩ፣ ጠባቂውን ምረጡ። ይህን ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ስትመጡ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።