የዛፉን ማጠፊያ አትቁረጡ

ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፤ አጥር ይሆናል፤ ተሽጦም ገንዘብ ያመጣል። ሲወድቅ ግን ባለቤቱን አይለይም። አንድ አባት እግራቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ሲወሰዱ አይቻለሁ። ዛፉን ወዴት እንደሚጥሉ አስበው ነበር የጀመሩት። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ማጠፊያውን ጨርሰው ቆረጡት። ለመሆኑ ማጠፊያ ምንድን ነው? በተራ እንየው።

አንደኛ፦ ሳትቆርጡ ተመልከቱ። ዛፉ ወዴት አዘንብሏል? የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ አለ? ነፋስ ካየለ ሥራውን ለሌላ ቀን ተዉት። በጣም ያዘነበለ ዛፍ በቁሙ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለለመደ ሰው ተዉት። ልጆችና ከብቶች የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቁ።

ሁለተኛ፦ መሸሻችሁን አስቀድማችሁ ጥረጉ። መሸሻው ከኋላችሁ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያጋደለ ይሁን። ቀጥታ ወደ ኋላ አትሽሹ፤ ግንዱ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዛፉ እንዲወድቅ በምትፈልጉበት ወገን አፍ ክፈቱ። አፍ ማለት በሽብልቅ ቅርጽ ተቆርጦ የሚወጣው ቦታ ነው። ግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር አፉ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ።

አራተኛ፦ ከጀርባ በኩል፣ ከአፉ ወለል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ በመጋዝ ቁረጡ። አፉ ጋ ግን አትድረሱ። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቅር። ማጠፊያ የምንለው ይኸው ነው። በር በማጠፊያው እንደሚዞር፣ ዛፉም በዚህ ላይ ታጥፎ ወደ አፉ ይወድቃል። ማጠፊያው ከተቆረጠ ዛፉ ጌታ የለውም፤ ወደፈለገው ይዞራል። እንጨቱ መጋዙን ከያዘው ከኋላ ሽብልቅ አስገቡ። ዛፉ መንቋቋት ሲጀምር ቆማችሁ አትዩ፤ ሽሹ።

በሞተር መጋዝ የምትቆርጡ ደግሞ ሌላም ጥንቃቄ አለባችሁ። የሚቆርጠው በረዥሙ ብረት ዙሪያ የሚሮጠው ሰንሰለት ነው። የብረቱ ጫፍ በላይኛው በኩል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊታችሁ ይዘላል። ስለዚህ በጫፉ አትቁረጡ። በሁለት እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ከትከሻ በላይ አታንሡት። ይዛችሁት ስትሄዱ የሰንሰለቱን ፍሬን ያዙ።

እንግዲህ ጥያቄ፦ ማጠፊያው ምን ያህል ይቅር? አፉስ በየት ወገን ይከፈት? መልሱን ያገኘ፣ ነገ ምሳር ይዞ ለሚወጣ ጎረቤቱ ያንብብለት።