ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ተማሪ የክረምቱን ዕረፍት በምን ያሳልፍ?

ወላጆች ለልጆቻቸው ከሚመኙት ሁሉ ‹‹ልጄ ሐኪም ሆኖ ባየሁ›› የሚለውን ያህል የተለመደ ምኞት የለም። ሐኪም በሰው ዘንድ የተከበረ ነው፤ እንጀራውም አይታጣም፤ ከሁሉም በላይ የታመመውን ወገኑን ለመርዳት የሚችል ስለ ሆነ ይህን ምኞት የሚነቅፍ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ መንገዱን ሳያውቁ መመኘት ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል፤ የልጅንም ልብ ያደክማል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ፣ በአሜሪካ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ስለሚገቡባቸው የሕክምና ትምህርቶችና ልምምዶች ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም፣ በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩትን ብዙ ወገኖቻችንን የሚነካ ነው። እዚህ ያለነው ዘመዶቻቸውም ምክር በተጠየቅን ጊዜ የምንመልሰውን ማጣት አይገባንም።

ክረምት ስንል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉትን ወራት ማለታችን ነው። እነዚህ ወራት በእኛ አገር የዝናብ፣ በአሜሪካ ግን የሙቀት ወራት ናቸው፤ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በዚሁ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

መንገዱ ምን ያህል ይረዝማል?

በመጀመሪያ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱበትን ነገር እንግለጽ። በኢትዮጵያ አንድ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ካለፈ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሕክምና ትምህርት ክፍል ሊመደብ ይችላል። በአሜሪካ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ 4 ዓመት በኮሌጅ ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ 4 ዓመት በሕክምና ትምህርት ቤት ይማራል፤ ከዚያም እንደ መረጠው የሕክምና ዘርፍ ከ3 እስከ 7 ዓመት በሆስፒታል ውስጥ በነባር ሐኪሞች ሥር እየሠራ ይሠለጥናል። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ራሱን ችሎ ሐኪም እስኪሆን ድረስ በአብዛኛው ቢያንስ 11 ዓመት ይጠብቀዋል። የኮሌጁንና የሕክምናውን ትምህርት በአንድ አያይዘው የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ቢኖሩም፣ በእነርሱ ዘንድ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በባልቲሞር ከተማ በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲግሪ የሌለውን ተማሪ አልቀበልም በማለት አዲስ መንገድ አሳየ። ቀጥሎም አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ዐዋቂ በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመልክቶ በ1910 ዘገባውን ባወጣ ጊዜ፣ የብዙዎቹ ድካም በሕዝብ ፊት ተገለጠ፤ ደካሞቹም እየተዘጉ ሄዱ። የቀሩት የመግቢያ ደንባቸውን አጠበቁ።

ዛሬ ‹‹ፕሪ-ሜድ›› የሚለው ቃል በየቤቱ ይነገራል። ይህ ግን የአንድ ትምህርት ክፍል ስም አይደለም፤ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚደረግ ዝግጅት ማለት ነው። ተማሪው ታሪክ ወይም ሙዚቃ እያጠና እንኳ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ከነላቦራቶሪያቸው ካሟላ ለማመልከት ይችላል። ከዚያም ‹‹ኤምካት›› የሚባለውን ፈተና ይወስዳል፤ የዚህ ፈተና ውጤት ዝቅተኛው 472 ሲሆን ከፍተኛው 528 ነው። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት መካከል ቦታ የሚያገኙት ከግማሽ በታች ናቸው።

እንግዲህ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት የሐኪምነትን በር አይከፍትም። ሊያደርግ የሚችለው፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ በውስጥ ያለውን ሥራ መመልከትና ልቡን መመርመር ነው። ‹‹የማያውቁት አገር አይናፍቅም›› ይባላል፤ ሕክምናንም ሳያዩ ወድጄዋለሁ ማለት ያስቸግራል።

የልምምዱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት በምርምር ላቦራቶሪ የሚደረገው ልምምድ ነው። ተማሪው ከአንድ ሊቅ ሥር ሆኖ ጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ ሲሳሳትም ይታረማል። የዚህ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሜይን ክፍለ ሀገር ባር ሃርበር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአይጦች ላይ የዘር ምርምር የሚደረግበት የጃክሰን ላቦራቶሪ ይገኛል። ዴቪድ ባልቲሞር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የ1955ን ክረምት በዚያ አሳለፈ። በዚያም በዕድሜ የሚበልጠውን ሃዋርድ ቴሚንን ተዋወቀ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ሁለቱ በየፊናቸው ሲመራመሩ አንዳንድ ቫይረሶች አር.ኤን.ኤን ወደ ዲ.ኤን.ኤ የሚገለብጡበትን ኤንዛይም አገኙ፤ በ1975ም ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። የኤድስን ቫይረስ ጠባይ ለማወቅ የረዳው ይኸው ግኝት ነው። ወደ ላቦራቶሪ የገባ ሁሉ ተሸላሚ ይሆናል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን በቅን መሪ ሥር ያለፈ አንድ ክረምት የሰውን ዕድሜ ሊመራ እንደሚችል ያስረዳል።

በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ቤተዝዳ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋምም፣ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። ይህ ተቋም ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን በክረምት እየተቀበለ፣ ምንም ሳያስከፍል፣ እንዲያውም አበል እየሰጠ አለማምዷል። ሆኖም የ2025ቱን ልምምድ ሰርዟል። ከዚህ የምንማረው፣ በመንግሥት በጀት የሚሠራ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተ ሰቦች ለሚመጡ ተማሪዎች ያቋቋሙት ነው። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1987 የተጀመረው የወጣቶች የሕክምና ሳይንስ ትምህርት በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ልጁ ሆስፒታልን ከማየቱም በላይ፣ ቤተ ሰቡ የማያውቀውን የኮሌጅ ማመልከቻ አጻጻፍ ይማራል። ከቤቱ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ሰው ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው።

ሦስተኛው በአካባቢ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ማገልገል ነው። ሥራው ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ እንግዳን መቀበል፣ መንገድ ማሳየት፣ ውሃና መጽሔት ማድረስ ነው። ነገር ግን የሕመምተኛን ፊት ማንበብ፣ ሌሊቱን ያልተኛችውን ነርስ ማክበር፣ የሽማግሌን ንግግር እስከ መጨረሻው መታገሥ የሚለመደው በዚህ ነው። የቤተ ሰቡን ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችሉ አንዲት እናት ‹‹እንደምን አደሩ›› ሲባሉ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ያያል። የሕክምናን ምክር መተርጎም ግን በዚሁ ሥራ የሠለጠነ አስተርጓሚ ፈንታ እንጂ የልጅ ተግባር አይደለም።

አራተኛው እጅን የሚያስፈታ ሙያ መማር ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ለመሆን በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቁ ክፍላተ ሀገርም አሉ። የዕድሜው ወሰን በየስፍራው ስለሚለያይ መጠየቅ ያሻል። በሽተኛን ማጠብ፣ ማጉረስና ማገላበጥ የተማረ ወጣት ሕክምና ነጭ ካፖርት ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ደመወዝም ያገኝበታል።

ማኅተም ስላለበት ደብዳቤ

አምስተኛው ዓይነት በንግድ ኩባንያዎች የሚዘጋጀው ሲሆን፣ ወላጆች እጅግ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ይህ ነው። በየዓመቱ ወደ ብዙ ቤቶች በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ፣ የሚያምር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይመጣል። ‹‹ልጅዎ ከብዙዎች መካከል ስለ ተመረጠ ደስ ይበልዎ›› ይላል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ አባት፣ ቀኑን ሙሉ በመጦሪያ ቤት ስትሠራ የዋለች እናት ይህን ባነበቡ ጊዜ ልባቸው በደስታ መሙላቱ አያስደንቅም። ደብዳቤው ለዘመድ ይነበባል፤ በግድግዳም ይሰቀላል። ከበታቹ ግን ለዘጠኝ ወይም ለዐሥር ቀን ከ3000 ዶላር በላይ እንዲከፈል የሚጠይቅ ወረቀት አለ። ያን ጊዜ የዕቁብ ተራ ይለመናል፤ ብድርም ይወሰዳል። አባቶቻችን ‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እውነቱ ምንድር ነው? ስሙ የተገኘው ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ከሞሉት መጠይቅ ወይም ከመምህራን ጥቆማ ነው፤ ገንዘቡን ለመክፈል የሚችል ከሆነ ቦታ የሚያጣው ጥቂት ነው። ትምህርቱ በታላቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢሰጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው መኝታ ቤቱንና አዳራሹን ተከራይቶ ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አያስተምርም። የኮሌጅ መዝጋቢዎችም ይህን ያውቃሉ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በይበልጥ የሚመለከቱት አመልካቹ በኮሌጅ ዘመኑ የሠራውን ነው።

ኩባንያዎቹን ሁሉ አታላዮች ናቸው አንልም። ልጁ አዲስ ወዳጆች ያገኛል፤ ቁስል መስፋትን በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ይሞክራል፤ ከሐኪሞችም አንደበት ይሰማል። ገንዘብ የተረፈው ቤተ ሰብ እንደ መልካም ሽርሽር ቆጥሮ ቢልከው የሚከለክለው የለም። የቤት ኪራይ አጓድሎ ግን ይህን የሐኪምነት ቁልፍ ነው ብሎ መግዛት ከንቱ ድካም ነው።

የበሽተኛው ክብር

ከገንዘብ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ወጣቱ ሊማር በገባበት ክፍል የተኛው ሰው የሰው ልጅ ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሕመምተኛን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ስለዚህ ተማሪው ያየውን ለወዳጆቹ ማውራት፣ በስልኩም ፎቶግራፍ አንሥቶ መበተን የለበትም። ሐኪሙን ተከትሎ ሲገባም ሕመምተኛው ይውጣልኝ ካለ ቅር ሳይለው መውጣት ይገባዋል።

ይህ ነገር ይበልጥ የሚያሳስበን ተማሪዎችን ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ወስደው ሕክምና እናሳያለን የሚሉትን ስናስብ ነው። በአገሩ መርፌ እንዲይዝ ያልተፈቀደለት ወጣት፣ በድኻ አገር ክሊኒክ ቁስል እንዲሰፋ ሲፈቀድለት ይታያል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ተማሪዎች በውጭ አገር ከሥልጠናቸው በላይ የሆነ ሥራ እንዳይሠሩ አስጠንቅቋል። ድኻ ስለ ሆነ ብቻ የማንም መለማመጃ የሚሆን በሽተኛ የለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ወደ ሕክምና ባይገባ ይሻላል።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር

አንድ ጥሪ በመጣ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። አዘጋጁ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ተከራይ? ልጁ ከጧት እስከ ማታ ምን ይሠራል? የሚቆጣጠረው ማን ነው? ለማይችሉ ነፃ ቦታ አለ ወይ? መልካሞቹ ልምምዶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል መሯሯጥ አይጠቅምም። የመምህራንን ምስክርነት ከመስከረም ጀምሮ ማሰብ ይገባል። ነፃ የሆነው ሁሉ ቢያመልጥ እንኳ፣ በሰፈር ሆስፒታል ሳያቋርጥ ያገለገለ፣ ወይም የታመመች አያቱን ያስታመመ ልጅ የባከነ ክረምት አላሳለፈም።

ከሁሉ በላይ ልጁን ጠይቁት። ከክረምቱ በኋላ ‹‹አልወደድኩትም›› ቢል አትቆጡት፤ ይህን በ17 ዓመቱ ማወቁ በ27 ዓመቱ ከማወቅ እጅግ ይሻላል። ሕክምናም በሐኪም ብቻ አይቆምም። በጎንደር በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተ ሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። ምንጭ ያጠራው፣ እናቶችን ያዋለደችውና መድኃኒት ያዘዘው ሁሉም ሕይወት አድነዋል። ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱን መርጦ በቅንነት ቢያገለግል፣ ምኞታችሁ ተፈጸመ እንጂ ቀረ አይባልም።