የአራዳን አሮጌ ሕንፃዎች በእግር መጎብኘት

ከዱራሜ ተነሥቶ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለሳል እንጂ ከተማውን በእግሩ አይጎበኝም። ከእኛም መካከል በዕረፍት ጊዜ ወደ ዘመዶቻቸው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ተማሪ እዚያ ደርሶ ግማሽ ቀን ቢያገኝ ምን ማየት እንደሚገባው፣ ያየውንም እንዴት እንደሚረዳው በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ስሟንም ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የከተማይቱ ትልቅ ገበያ ይቆም የነበረው በአራዳ ነበር። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት። ፒያሳ የሚለው ስምም ከእነርሱ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው አደባባይ ማለት ነው። ሠፈሩ እስከ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ጉብኝቱን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል መጀመር ይሻላል። ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ሕንፃ ከድሉ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ተሠራ። ሥራውን የመራው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ኢጣሊያዊ ነበር። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አጌጡበት። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ኢጣሊያዊ የሠራውን ኢጣሊያኖች አቃጠሉት፣ ኢትዮጵያውያን አደሱት። የአንድ ሕንፃ ታሪክ የሠሪው ብቻ ሳይሆን የጠባቂውም ነው።

ከቅጥሩ ወጣ ሲሉ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ይገኛል። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ፤ ወራሪዎቹ ነቅለው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአቅራቢያው በ1950ዎቹ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ አለ። አፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው ይኸው ሰው ነው። እዚያው አካባቢ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ከዚያ ወደ ፒያሳ ሲያመሩ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ይገኛል።

ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። እቴጌይቱ ያቋቋሙት በ1890ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እንግዳ በቤት ይስተናገዳል እንጂ ምግብ በገንዘብ መብላት ነውር ስለ ነበረ፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በልተው ሒሳብ በመክፈል ሕዝቡን እንዳለማመዱ ይተረካል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶ የሆቴሉን አንድ ክፍልና ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ አጠፋ። ሆቴሉ ግን ከዚያ በኋላም እንግዳ ተቀብሏል።

አሁን ስለ ቤቶቹ አሠራር ጥቂት ልበል። የጥንቱን የአራዳ ቤት በሦስት ምልክት ማወቅ ይቻላል። አንደኛው ግድግዳው ነው፤ ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ለሱቅ ያገለግል ነበር። ሁለተኛው የፎቁ የእንጨት ሰገነት ነው፤ ይህን አሠራር ያስፋፉት ከእኛ ሰዎች ጋር የሠሩ አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ናቸው። ሦስተኛው ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚወጣው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የውጭ አገር ዕቃ ከድሬዳዋ ወዲህ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ጭነት ነበር።

ሰገነቱና የክዳኑ ጠርዝ ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታው ይከላከላሉ። ቆርቆሮው ከተቀደደና ውኃ ከገባ ግን ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩ ይለቃል፣ ግድግዳው ያብጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የሚፈርሰው ስላረጀ ሳይሆን ጠጋኝ ስላጣ ነው። የአባቶቻችን ምሳሌ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ለዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። መንገድ ሊሰፋ እንደሚገባ፣ በተጨናነቀና ንጽሕና በጎደለው ቤት መኖርም ከባድ እንደ ሆነ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ፣ ቤቱን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ኖረበት የሚናገረውም ሰው አብሮ ይበተናል። ድንጋይ እንደገና ሊካብ ይችላል፤ ይህ ግን አይካብም።

ይህ ነገር የአዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስለን። ከሐምበሪቾ ተራራ ሥር ባለው አገራችን በእንሰት የተከበበው የአያቴ ክብ የሣር ቤት ፈርሶ በቦታው የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። አዲሱ ቤት ብርሃን ያለው ስለ ሆነ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አሮጌውን ግን ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው አልነበረም። ምሰሶው ከምን እንጨት እንደ ነበረ አባቴን ብጠይቀው ሊያስታውሰው አልቻለም። አያቴም አሁን በሕይወት የሉም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን በሠፈራችን ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን እንምረጥ። ወርዱንና ቁመቱን እንለካ፤ ሥዕሉን ወይም ፎቶግራፉን እናዘጋጅ፤ መቼ፣ በማን፣ ከምን እንደ ተሠራ አንድ ሽማግሌ ጠይቀን እንጻፍ። የተጻፈው ሁሉ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ከተማቸውን በእግራቸው ሲጎበኙ የሚመራቸው ጽሑፍ አያጡም። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም በዚህ ሥራ እንዲረዱን በትሕትና እለምናለሁ።