አርባውና ሰማንያው ቀን፦ በጎጃም ደጋ ስለ አራስ ዕረፍትና ጥበቃ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ተነሥቶ በጮቄ ተራራ ግርጌ እስካሉት የስናን ቀበሌዎች ድረስ፣ አንዲት ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ እልልታው ከጓዳ ወጥቶ መንደሩን ሲሞላው፣ ጎረቤቶቿ ቅቤውንና ዱቄቱን ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱም በቅቤና በማር ጣፍጦ ይቀርብላታል። ይህ ከእናቶቻችን የወረስነው የከበረ የርኅራኄ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ስለ አራሲቱ ጤና የሚነገር ነገር ሁሉ ከዚህ ሊጀምር ይገባዋል።

ሥርዓቱ ዘመን የተወሰነለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ተከትላ ወንድ የወለደችውን በ40፣ ሴት የወለደችውን በ80 ቀን ከሕፃኑ ጋር ትቀበላለች፤ ሐኪሞችም ማኅፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል እንደሚፈልግ ያስተምራሉና፣ የሃይማኖቱ 40 ቀንና የሕክምናው ቁጥር ተቀራርበው ይገኛሉ። እናቶቻችንም የአራስ መቃብር እስከ 40 ቀን አፉን እንደ ከፈተ ይቆያል ሲሉ የኖሩት አደጋውን በዓይናቸው ስላዩት ነው።

ነገር ግን ቀኑ የተወሰነላት ሁሉ ዕረፍቱን አታገኝም። የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት የወለደች ሴት ተጦራ ስትከርም፣ አራተኛዋን ወይም አምስተኛዋን በባሏ ቤት የወለደችው ግን፣ የሚረዳት ዘመድ ከሌላት፣ ቁስሏ ሳይሽር ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ትገባለች፤ ገና ያልጠና አካል ከባድ ሸክም ሲጫነው ማኅፀን ከቦታው ለመውረድ ይጋለጣል፤ ይህንንም ሕመም ብዙዎች ከኀፍረት የተነሣ ለባላቸው እንኳ ሳይገልጡ ለዓመታት ይሸከሙታል።

የሕክምናው ጥበቃም እንዲሁ ጐደሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እናቲቱ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል፤ ሆኖም በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የተመረመሩት እናቶች በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 17፣ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 34 ብቻ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ ማድረሱ ታላቅ ነገር ቢሆንም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን ለአራስና ለሐኪም አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለዚህ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ክፉ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ራስ ምታትና የእግር እብጠት ሲታዩ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ ባልም አማትም ሊያውቁ ይገባል።

ከሥጋው ይልቅ የተረሳው ግን ኀዘነ ልቡና ነው። ጠያቂው ሁሉ ሕፃኑን ባርኮ፣ ገንፎውን ቀምሶ ሲመለስ፣ እንቅልፍ የራቃትን፣ ያለ ምክንያት የምታለቅሰውን፣ ልጇን ማቀፍ የከበዳትን እናት «አንቺስ ልብሽ እንዴት ነው?» የሚላት ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከመቶ 20 የሚጠጉት በአእምሮ ሕመም፣ ይልቁንም በድባቴ፣ ይጠቃሉ፤ ይህንን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድንበራ የወጣው የ10 ጥያቄ መመዘኛም በአዲስ አበባ በአማርኛ ተፈትኗል። ጸበል ሊረጭ ወደ አራስ ቤት የሚገባው የንስሐ አባት፣ ይህንን ኀዘን የአጋንንት ሥራ ብቻ ነው ከማለት ተቆጥቦ፣ ከጸሎቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ቢመራት፣ የእረኝነቱን ሥራ ፈጸመ ማለት ነው።

ወደ ዕረፍቱ ስንመለስ፣ የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትም 3 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የስናኗ ገበሬ ግን አሠሪ የላትምና ፈቃድ ሰጪዎቿ ባሏና ጎረቤቶቿ ናቸው። እንግዲህ፣ አንተ ባል፣ እንስራውን ተሸከምላት፤ እናንተ የዕድርና የማኅበር ሰዎች፣ ውኃዋንና እንጨቷን እስከ 40 ቀን በተራ አድርሱላት፤ ሴት ልጅ የወለደችውም ወንድ ከወለደችው ሳታንስ ትጠበቅ። የክርስትናው ድግስ ለአንድ ቀን ከሚደምቅ፣ የአራሲቱ ዕረፍት 40ውንም ቀን ቢከበር ይበልጣል።