ፖላንዳዊ ቤት ለምሳ ከተጠሩ

ፖላንዶች እንግዳ ቤት ሲገባ እግዜር ገባ የሚል የቆየ ብሂል አላቸው። አቀባበላቸው ሞቅ ያለ ቢሆንም ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም ከደፍ ይጀምራል። ደፍ ላይ ቆሞ መጨባበጥ ገድ የለውም ስለሚባል መጀመሪያ ይግቡ፣ ከዚያ ይጨብጡ። ጫማዎን ለማውለቅም ይዘጋጁ፤ ብዙ ቤት ለእንግዳ የሚሆን ነጠላ ጫማ አለ።

አበባ ይዞ መሄድ ያስከብራል፤ ግን ይቁጠሩት። ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ዘንግ ይሁን፤ ጥንድ ቁጥር የለቅሶ ነው። ክሪሳንተመም የሚባለውን አበባም ይተዉት፤ ፖላንዶች በኖቬምበር 1፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ መቃብር የሚያለብሱት በእሱ ነው።

«ኦቢያድ» የሚሉት ዋናው ምግብ ከቀትር በኋላ ይቀርባል። መጀመሪያ ሾርባ ይመጣል፤ እሑድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀጭን ፓስታ የገባበት የጠራ የዶሮ መረቅ ነው። ቀጥሎ የሚወዱት የአሳማ ጥብስ ከድንችና ከጥቅል ጎመን ጋር ይከተላል። አሳማ የማይበላ ሰው ግብዣውን ሲቀበል ይናገር፤ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ እምቢ ማለት የደከመችውን ባለቤት ያሳዝናል። ሁሉም «ስማችኔጎ» ብሎ መልካም ምግብ ሳይመኝ መብላት አይጀመርም። «በቃኝ» ቢሉም በአንድ ቃል የሚለቅዎ የለም፤ እንደኛ እናቶች «በሞቴ» ይጨመርልዎታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳህን ላይ ሆድዎን አይሙሉ።

የዚህ ሁሉ ቁንጮ ዲሴምበር 24 ማታ የሚበላው የገና ዋዜማ ራት፣ «ቪጊሊያ» ነው። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ሥር ጌታ የተወለደበትን ግርግም የሚያስታውስ ድርቆሽ ይነጠፋል። ልጆች በመስኮት ሰማዩን ይጠባበቃሉ፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ማዕዱ ይጀመራል። ከምግቡ በፊት ግን እያንዳንዱ ሰው «ኦፕዋቴክ» የተባለውን ስስ ቂጣ ይዞ ከሌላው ቂጣ ላይ ቆርሶ ይበላል፤ ጤናና ሰላምም ይመኝለታል። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ በዚያች ሰዓት መተያየታቸው አይቀርም። በልማዱ ሥጋ የሌለባቸው 12 ዓይነት ምግቦች ይደረደራሉ፦ ቀይ ሥር ሾርባ፣ ጎመንና እንጉዳይ የተሞላ ፒየሮጊ፣ ካርፕ ዓሣ፣ ከደረቀ ፍራፍሬ የተቀቀለ መጠጥ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሳህን ቀርቦለት ሰው የማይቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ የተተወ ነው።

ይህ ዕለት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሕግ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ሆኗል።