ላፕቶፑ ተቃጠለ ከማለታችሁ በፊት

ማታ ሊኑክሱን አፕዴት አደረጋችሁ። ጠዋት ስትከፍቱት ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ፣ ወይም መነሳት ጀምሮ መልሶ ይጠፋል። አምበር ላይ ከሆናችሁ «ደብረ ማርቆስ ወስጄ ላሠራው» ማለታችሁ አይቀርም። ለትራንስፖርት ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ፤ ጥፋቱ የማይክሮኮድ ሊሆን ይችላል።

ማይክሮኮድ ፕሮሰሰሩ ውስብስብ ትእዛዞችን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚፈጽም የሚነግረው የውስጥ መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ሲያካፍል አልፎ አልፎ እንደሚሳሳት ታወቀ። ስህተቱ ቺፑ ውስጥ ስለነበር ኩባንያው ቺፖቹን ለመተካት 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ1995 ከወጣው ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ ግን ማይክሮኮዱን በሶፍትዌር ማረም ተቻለ።

እርማቱ ቺፑ ላይ አይታተምም፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በተነሳ ቁጥር ባዮሱ ያለውን ይጭናል፤ ሊኑክስ ከዚያ የበለጠ አዲስ ካለው ገና ከጅምሩ ይተካዋል።

አንዳንዴ እርማቱ ራሱ ጣጣ ያመጣል። በጃንዋሪ 2018 ስፔክተር የተባለውን የደህንነት ክፍተት ለመድፈን የወጣው ማይክሮኮድ አንዳንድ ኮምፒውተሮችን ሳይታዘዙ እያጠፋ ያስነሳ ነበር። ኢንቴል ራሱ መጫኑ እንዲቆም አሳሰበ።

እንግዲህ ሙከራው ይኸው፦

1. ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስታስነሱት ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭናችሁ የግረብን ዝርዝር አውጡ።

2. «ኢ»ን ተጫኑ። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉና መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ይህን ጨምሩ፦ ዲ-አይ-ኤስ፣ አንደርስኮር፣ ዩ-ሲ-ኦ-ዲ-ኢ፣ አንደርስኮር፣ ኤል-ዲ-አር። ትርጉሙ «ማይክሮኮድ አትጫን» ነው።

3. ኤፍ10ን ተጫኑ። ለውጡ ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ከተነሳ ተጠያቂው ማይክሮኮዱ ሳይሆን አይቀርም። የቀድሞውን የማይክሮኮድ ፓኬጅ መልሱ፣ ወይም ለሞዴላችሁ አዲስ ባዮስ መውጣቱን አጣሩ። ካልተነሳ ደግሞ ወደ ሌላው ሂዱ፦ የቆየ ከርነል፣ ራም፣ ዲስክ።

ትእዛዙን ግን ዘላቂ አታድርጉት። እርማቶቹ ብዙ ጊዜ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው፤ ለአንድ ጠዋት መዝጋትና ለዓመት መዝጋት አንድ አይደለም።