ስለ እንግሊዞች ሕያው ቢራና ቢራን በቤት ስለ መጥመቅ

(በራዲዮ የተነገረ)

ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ ቢራው ነው። ወደ መጠጥ ቤት ገብቶ «ቢተር» የሚባለውን ዓይነት ሲያዝ፤ አሳላፊው ከባንኮኒው ላይ የቆመውን ረጅም እጄታ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ራሱ ይስብና፤ መልኩ እንደ ሻይ የቀላ፣ ጋዙ ያነሰ፣ ብርጭቆውን በላብ የማያርስ መጠጥ ቀድቶ ያቀርብለታል። እንግዳውም በልቡ «ይህ ቢራ ከርሟል፤ ወይም ማቀዝቀዣቸው ተበላሽቷል» ይላል። ነገር ግን ቢራውም አልከረመም፤ ማቀዝቀዣውም አልተበላሸም። በብርጭቆው ውስጥ ያለው መጠጥ እርሾው ያልሞተበት፣ መብላላቱንም ገና ያልጨረሰ ቢራ ነው። እንግሊዞች ይህን መጠጥ «ሪል ኤል» ይሉታል፤ ይኸውም እውነተኛው ኤል ማለት ነው።

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ነገሩን መረዳት አይከብደውም። ቢራ በጠቅላላው ከብቅል፣ ከውሃ፣ ከሆፕና ከእርሾ የሚሠራ ሲሆን፤ ሥራውን በሚሠራው እርሾ ዓይነት በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው ላገር ነው። የላገር እርሾ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ከዚያም ቢራው ለሳምንታት በብርድ ይቀመጣል። በአገራችን ፋብሪካዎች ከሚጠመቀው ቢራ አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ኤል ነው። የኤል እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ሙቀት ፈጥኖ ይሠራል፤ በሥራውም ጊዜ እንደ ወፍራም አረፋ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። የፍራፍሬ የሚመስለውም መዓዛ ከዚሁ ከእርሾው ይመጣል። እንግዲህ ኤል ማቀዝቀዣ ሳይፈጠር በፊት በየቤቱ ሊጠመቅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ኤል ሁሉ «እውነተኛ» አይባልም። ልዩነቱ የሚመጣው ቢራው ከጠመቃው ቤት ሲወጣ ነው። በፋብሪካ ልማድ ቢራው ተጣርቶ፣ እርሾውን በሚገድል ሙቀት አልፎ፣ ጋዝ ተጨምሮበት በብረት በርሜል ይታሸጋል። እኛ «ድራፍት» ብለን ከምናውቀው ጋር የሚመሳሰል ነው። እውነተኛው ኤል ግን ሳይጣራ፣ ከነእርሾው፣ ጥቂት ስኳር ቀርቶበት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉም ወደ መጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ወርዶ እዚያው ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል። በውስጡ ያለው ጋዝ እርሾው ራሱ የሠራው ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚገፋውም ጋዝ የለም። ወደ ባንኮኒው የሚያወጣው ያ የአሳላፊው እጄታ ነው፤ ለዚህም የሚያገለግለውን መሣሪያ ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1797 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስሙ አስመዝግቦታል።

እዚህ ላይ የምድር ቤቱን ሰው ሥራ ማየት ያስፈልጋል፤ የቢራው ዕጣ በእርሱ እጅ ነውና። በርሜሉን በጎኑ አጋድሞ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከላይ ባለው ቀዳዳ ላይ በመጀመሪያ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ የእንጨት ሽብልቅ ይተክልና የበዛው ጋዝ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ጋዙ ሲመጠን ደግሞ አየር በማያሳልፍ ጠንካራ ሽብልቅ ይተካዋል። እርሾው ወደ ታች እንዲዘቅጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር ይገባበታል። ቢራውም አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይነካ ቆይቶ ይጠልላል። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ከዚህ ቢሞቅ ቢራው ይበላሻል፤ ቢቀዘቅዝ መዓዛው ይደበቃል። እንግዳችን ያልቀዘቀዘ ነው ያለው ቢራ በእርግጥ የቀዘቀዘ ነው፤ ነገር ግን እስኪደነዝዝ አይደለም።

ነገሩ ሁሉ ግን በሦስት ቀን ውስጥ መጠጣት አለበት። ከበርሜሉ ቢራ በተቀዳ ቁጥር በምትኩ አየር ይገባልና፤ ከሦስት ቀን ወዲያ ጣዕሙ ይጠወልጋል፤ ቀጥሎም ወደ ኮምጣጤ ያደላል። የዚህ መጠጥ ክብሩም አደጋውም በዚህ ላይ ነው። ጠጪ በማይበዛበት መጠጥ ቤት በርሜሉ ቶሎ አያልቅም፤ የአራተኛውን ቀን ቢራ የቀመሰ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ላገር ያዛል፤ እርሱ ላገር ባዘዘ ቁጥር በርሜሉ የበለጠ ይዘገያል። ማንም ሳይከለክለው አንድ መጠጥ ከገበያ የሚጠፋው እንዲህ ሆኖ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር የደረሰው ይኸው ነበር። የአገሩ ጠመቃ በአብዛኛው በስድስት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ ለእነርሱም የማይበላሸው፣ ባለሙያ የማያሻው፣ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነው የብረት በርሜል ቢራ ይመች ነበር። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ሐሳባቸው ሞኝነት አልነበረም፤ በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ ኤል የሚሸጥባቸው መጠጥ ቤቶች ብዙ ነበሩና። ሆኖም ከመጥፎው ጋር መልካሙም አብሮ ይጠረግ ጀመር። በ1971 ዓ.ም. አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ለዕረፍት ሄደው ሳሉ፤ እያጉረመረሙ ከመጠጣት ማኅበር ማቋቋም ይሻላል ብለው ተስማሙ። በእንግሊዝኛ ስሙ አሕጽሮት «ካምራ» የሚባለው ይህ የጠጪዎች ማኅበር ዛሬ ከ1 መቶ ሺህ በላይ አባላት አሉት። አባላቱ ምን አደረጉ ቢሉ፤ መልካም ኤል የሚገኝባቸውን መጠጥ ቤቶች በመጽሐፍ ዘርዝረው አሳተሙ፤ የቢራ በዓላትን አዘጋጁ፤ ለኩባንያዎችና ለምክር ቤት ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩ መንግሥት ለትንንሽ ጠማቂዎች የቢራ ቀረጥ ስለቀነሰላቸው ብዙ አዳዲስ ጠመቃ ቤቶች ተከፈቱ።

ይህም ሆኖ አደጋው አለፈ ማለት አይቻልም። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፤ የታሸገው ቢራ ሲቆይ በየምድር ቤቱ የነበረው ሕያው ኤል ግን ተደፋ። በበርተን ከተማ በተያያዙ የእንጨት በርሜሎች ቢራ የሚያብላላው የማርስተን ጥንታዊ ሥርዓትም በ2024 ዓ.ም. ቆሟል፤ ከበርሜሎቹ አንዱ ክፍል ብቻ ቶርንብሪጅ ለተባለ አነስተኛ ጠመቃ ቤት ተላልፎ ሥራውን ለመቀጠል በቅቷል።

አሁን ወደ ቤት ጠመቃ እንለፍ። በጥንት ዘመን በእንግሊዝ አገር ኤል የምትጠምቀው የቤት እመቤት ነበረች። ሆፕ የሚባለው የሐረግ አበባ ከባሕር ማዶ ገብቶ የተለመደው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ይጨመርበት ነበር። የሆፕ ሥራ የእኛ ጌሾ ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል፤ ምሬትና መዓዛ ይሰጣል፤ መጠጡንም ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃል። ከዚህ የሚበልጠው መመሳሰል ግን ሌላ ነው። እንግሊዛዊቱ ከአንዱ ብቅል የመጀመሪያውን ብርቱ ጭማቂ ከቀዳች በኋላ፤ በዚያው ብቅል ላይ እንደገና ውሃ አፍስሳ ልጆችና ሠራተኞች የሚጠጡትን ቀጭን ቢራ ታወጣ ነበር። ቅራሪ ማለት ነው!

በ1880 ዓ.ም. ግላድስቶን ያወጣው የቀረጥ ሕግ ቢራ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ። ብዙ ቤቶችም ጠመቃውን ተዉ፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን አቆመ። በ1963 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ ይህን ግዴታ ሲያነሣ፤ ሰው ለቤቱ እንዲጠምቅ (ለሽያጭ ግን አይደለም) ተፈቀደ። ሆኖም በእነዚያ 83 ዓመታት የሚያውቁት አርጅተው ስላለፉ፤ አዲሶቹ ጠማቂዎች ከመጽሐፍ ጀምረው መማር ግድ ሆነባቸው። እኛ ዘንድ ሕግ የከለከለው ጠላ የለም፤ ነገር ግን የከተማ ድግስ በሳጥን ቢራ እየተካሄደ፤ ጥንስስ የሚያውቀው እጅ በየቤቱ ስንት እንደቀረ አንባቢ ራሱ ይቍጠር። የጌሾውን መጠን «በእፍኝ» ብለው የሚነግሩን እናቶች ሳሉ፤ መዝገብ መያዝ ልማዱ የሆነ የቢሮ ሰው እፍኙን በሚዛን መዝኖ ቢጽፈው ሥራው ከንቱ አይሆንም።

ኤል በቤቱ ለመሞከር የሚወድ ሰው በ5 ሊትር ይጀምር፤ ቢበላሽም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። 1 ኪሎ የገብስ ብቅል ያስፈልጋል። ለጠላ የምንገዛው ብቅል ይሠራል፤ በፀሐይ የደረቀ ከሆነ ግን በምድጃ የደረቀው የእንግሊዝ ብቅል ያለውን የብስኩት መዓዛ አይሰጥምና፤ መቶ ግራሙን በምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ማመስ ይጠቅማል። ብቅሉ ይከካል እንጂ እንደ ዱቄት አይላም፤ ገለባው ኋላ ማጥለያ ይሆናልና። በ3 ሊትር ሙቅ ውሃ ተለውሶ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሙቀት ሳይለቅ አንድ ሰዓት ይቈያል። በዚህ ጊዜ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሙቀቱ ከ75 ዲግሪ በላይ ቢወጣ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ኃይል ይሞታል። ስለዚህ ከዕቃው ሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ቴርሞሜትር ነው። ከዚያም በንጹሕ ሻሽ ተጠልሎ፤ በብቅሉ ላይ ሌላ 4 ወይም 5 ሊትር ሙቅ ውሃ በቀስታ ይፈስበታል።

የተጠለለው ጭማቂ ከ10 ግራም ሆፕ ጋር አንድ ሰዓት ይፈላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው እዚህ ላይ አንድ ማስገንዘቢያ አለ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሆፑም ምሬት በዝግታ ይወጣል። ስለዚህ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት መጨመር ያሻል። በአንጻሩ በብዙ የከተማችን ቤቶች ውስጥ ያለው ሙቀት ለኤል እርሾ የሚስማማ ስለሆነ፤ የለንደን ሰው በክረምት የሚያስፈልገው ማሞቂያ እኛን አያሻንም።

ከፈላ በኋላ ድስቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ ይውረድ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ ፍጹም ንጹሕ መሆን አለበት። ጋኑን በግራዋ አሽተው በወይራ የሚያጥኑት እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ የዛሬው ጠማቂ በቀጭኑ በረኪና ያጥብና በፈላ ውሃ ደጋግሞ ያለቅልቀው። እርሾው ለ5 ሊትር 3 ግራም ይበቃል። የኤል እርሾ በትንሽ ወረቀት ታሽጎ የሚሸጥ ስለሆነ ከውጭ አገር የሚመለስ ወዳጅ በኪሱ ሊያመጣው ይችላል። የዳቦ እርሾም ከዚሁ ወገን ነው፤ ይሠራል፤ ነገር ግን በደንብ አይዘቅጥም፤ ጣዕሙም ዳቦ ዳቦ ይላል። ጋዙ የሚወጣበት መንገድ ተትቶለት ይከደን፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይረጋጋል።

መረጋጋቱ በዓይን ብቻ አይታመንም። ሃይድሮሜትር የሚባለው የፈሳሽ መለኪያ ሲጀመር 1.040 ገደማ ያሳይ የነበረው ወደ 1.010 ሲወርድ፤ ቢራው 4 በመቶ የሚጠጋ አልኮል አለው ማለት ነው። ቁጥሩ ለሦስት ቀን ሳይለወጥ ካልቈየ ወደ ጠርሙስ ማስገባት አደገኛ ነው፤ የቀረው ስኳር ጋዝ ሆኖ ጠርሙሱን እንደ ፈንጂ ሊሰብረው ይችላልና። ጀማሪ የሆነ ሰው ወፍራም የላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ በእጁ ጨምቆ ጥንካሬውን ማወቅ ይችላል። ለእንግሊዝ ዓይነት ለስላሳ ጋዝ በአንድ ሊትር 4 ግራም ስኳር ይበቃል፤ ከዚህ አይብለጥ። በጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጽፎ በቤት ሙቀት ሁለት ሳምንት ማቈየት፤ ቀጥሎም በቀዝቃዛ ሥፍራ ሁለት ቀን ማቆም ነው። ሲቀዳ በዝግታ፣ በአንድ ጊዜ ይቀዳ፤ ከታች የዘቀጠው አተላ ሲቀርብ እጅን ማቆም ያስፈልጋል።